በስልስ ወይስ በአዋዜ?

አክስቴ ቤት የገባ ሰው ገና አግዳሚው ላይ ሳይቀመጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «በስልስ ወይስ በአዋዜ?» ሌላ ምን ይጠየቃል? ቤቱ የድንች ቤት ነው። ቅቅል ድንች አለ፣ ዳቦ አለ፣ በጣሳ ውሃ አለ፤ በቃ። ከመሳለሚያ ወደ ምን አለሽ ተራ ሲወርዱ በግራ በኩል፣ በሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ቀኑን ሙሉ ቋ ቋ የሚል ቤት። ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔ ባይነሽ ያኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበርና በሰፈሩ ሴቶች ቋንቋ ቆሜ ልቀር ትንሽ ነው የቀረኝ።

ስልሱ የአክስቴ የእትዬ ሠርኬ ነበር፤ አዋዜው የኔ። ስልስ እሳት ይፈልጋል። ሽንኩርቱ እስኪቀላ፣ በርበሬው ዘይቱን ጠጥቶ እስኪበስል፣ ቲማቲሙ መልኩን ረስቶ እስኪሟሟ ድረስ ከጎኑ የማይጠፋ ሰው ይፈልጋል። አክስቴ ጓዳ ውስጥ ድንቹ ላይ በጭልፋ ታፈስበትና ሳህኑን ይዛ ትወጣለች። አዋዜ ግን እሳት አያይም። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨው፤ ሌላው ሰው አረቄ ጠብ ያደርግበታል፣ እኛ ግን ግማሹ ደንበኛችን እስላም ስለሆነ በውሃ ብቻ ነበር የምናሸው። በትንሽ የሸክላ ጣባ ሞልቼ ለብቻው አቀርበዋለሁ፤ ሲያልቅም ዞሬ እጨምራለሁ።

አንድ ቀን በዚህ በስልስ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። የተክለ ሃይማኖቱ መሪጌታ፣ የሚበሉት ነገር ሁሉ ከግዕዝ ካልተወለደ የማይዋጥላቸው ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ከሳህኑ አንሥተው፣

«ስልስ ማለት ሠለስት ከሚለው የወጣ ነው። ሦስት ማለት ነው። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት» አሉ።

ጋራዥ የሚሠራው ኑሪ ከወዲያኛው አግዳሚ ሳቀ። «ቲማቲሙስ መሪጌታ? እሱን ሲቆጥሩት አራት አልሆነም? ይሄ የጣሊያን ሳልሳ ነው እንጂ! ድሮ አለቃዬ የነበረው ጣሊያን ፓስታው ላይ እንዲህ ነበር የሚያፈሰው።»

«ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አገሩ ወጥ አያውቅም ነበር ልትለኝ ነው?»

«ወጥና ስልስ አንድ ነው ወይ ታዲያ?»

ግማሹ ሰው በመሪጌታ ወገን፣ ግማሹ በኑሪ ወገን ሆኖ ቤቱ ሲታመስ አክስቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «ስሙ ከፈለገው ይውጣ! ስልስ ይፈሳል፣ አዋዜ ይጠቀሳል። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ ብሉ!» ብላ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ሳቀና ወደ ድንቹ ተመለሰ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ልክ «ይጠቀሳል» ስትል በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ድንቹን አዋዜው ውስጥ ጠቀስ አድርጎ ወደ አፉ ወሰደ፤ ቀና ብሎም ግራ ዓይኑን ጠቀስ አደረገልኝ።

ይህ ሰውዬ ውብሸት ይባላል። ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። የሳልሳ ጣሳ ኩራዝ ያደርጋል፣ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ያደርጋል፣ ሰው የጣለውን ሁሉ አንሥቶ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ረጅም ነው፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ የጠቆረ። ከሰላምታና ከ«በአዋዜ» በቀር ቃል አይወጣውም። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠቅስ ዝም ተብሎ ይታለፋል? ስድ ቢሆንማ ኖሮ ፊቴን አጥቁሬበት በተገላገልኩ።

በማግሥቱም ጠቀሰኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ጠቀሰኝ። አማርኛችንንስ ምን ነካው? ድንቹም ጠቀስ፣ ዓይኑም ጠቀስ! ለሁለቱ ነገር ሁለት ቃል አበጅተው ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ያህል ባልባዘንኩ። ጣባውን ፊቱ ሳስቀምጥ «ይጥቀሱ» እለዋለሁ፤ ብዬም በገዛ አፌ እደነግጣለሁ። በእርስዎ ነበር የምንነጋገረው፤ እሱም እኔን፣ እኔም እሱን።

የምሳው ግርግር ሲያልፍ አክስቴ ጓዳ ጋደም ትላለች። እኔ የድንች ጆንያ ላይ እቀመጥና ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፋለሁ። ያን ሰዓት ልናገረው ብል ቃል ያጥረኛል። የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች ብርሃኑን ወለሉ ላይ ይበትኑታል፤ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። የመርካቶ ጩኸት ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። የተሸካሚው «ዞር በሉ!»፣ የጨርቅ ነጋዴው ጥሪ፣ የአህያው ሰኮና፣ ሁሉም ይለሰልስና ይቀላቀላል። ከዚያ ውስጥ የምን አለሽ ተራ መዶሻዎች ይመጣሉ። ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን አንዱን መርጬ የውብሸት ነው እላለሁ። ቷ፣ ቷ፣ ዝም። ቷ፣ ቷ፣ ዝም። ምን እየሠራ ይሆን? ዝም ሲል ምን እያሰበ ይሆን?

አንዳንዴ እንቅልፍም ሳይሆን ንቃትም ሳይሆን እዚያው ላይ አልማለሁ። ተራው ሁሉ፣ ቅቤ ተራው፣ ጨው ተራው፣ ሸማ ተራው፣ ከመሬት ለቆ በቀይ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል። ሐይቁ አዋዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አያቃጥልም። ሰዎች ከደጃፋቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጠቀስ ያደርጉና ይስቃሉ። ውብሸት ከማዶ ቆሞ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ይጨልማል፣ ሲከፍት ይነጋል። ወደሱ የሚያሻግር ነገር ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ድንቹን ማን ይላጠው?» ትላለች፤ ሐይቁም ይደርቃል።

በታኅሣሥ አጋማሽ ሽማግሌ መጣ። የላከው አቶ ቦጋለ ነው፤ ቅቤ ተራ ሁለት ሱቅ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሰው ቀና ብሎ የማያናግር ጨዋ። ክፉ ነው ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። እኛ ቤት ሲመጣ የሚያዘው ሁልጊዜ «በስልስ፣ ይብዛልኝ» ነበር፤ ድንቹ እስኪሰምጥ። እኔን አንድ ቀን እንኳ በደንብ ያየኝ አይመስለኝም። ያየው የአክስቴን ቤት ንጽሕናና የኔን ዝምታ ነው። እሱን ባገባ ሁሉም ነገር ከላይ ይፈስልኛል፤ ቅቤው፣ ቀሚሱ፣ ወግ ማዕረጉ። በቃሽ ወይ የሚለኝ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ የሚለኝ ግን አይኖርም። ይህን ለአክስቴ ብነግራት ራሴን የመታኝ ነገር አለ ብላ ጠበል ትወስደኛለች።

«ምን ቀረሽ?» አለችኝ ሽማግሌዎቹ ሲወጡ። «ልጅ አይደለሽም። እኔም እያረጀሁ ነው። እሑድ ሳምንት ለመልስ ይመጣሉ። ጥር ላይ ሠርጉ ነው። ማንን ነው የምትጠብቂው?»

የምጠብቀው የአንድ ዓይን ጥቅሻ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት? ሰውዬው አንድ ቀን ቁም ነገር አልተናገረኝም። ሽማግሌ አልላከም፣ እጄን አልነካም፣ ሲወጣ ዞር ብሎ እንኳ አያይም። ያለኝ ነገር ያቺ ጥቅሻ ብቻ ናት። ለሷ ብዬ አቶ ቦጋለን እንቢ ብል፣ ጥቅሻዋም ባዶ ብትሆን፣ እድሜ ልኬን ከድንች ጋር ነኝ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ለሀጅራ ነገርኳት። ሀጅራ በርበሬ ተራ ትነግዳለች፤ የአዋዜያችን በርበሬ ከሷ ነበር የሚመጣው። ስትናገር የማታሽሞነሙን የስልጤ ልጅ ናት። እስክጨርስ አዳምጣኝ በርበሬዋን በእጇ ማገላበጥ አቆመች።

«አንቺ፣ ወላሂ ጉድ ነሽ! መቼ ነው የሚጠቅስሽ?»

«ሲበላ።»

«ሲበላ ብቻ?»

አሰብኩ። ሲገባ ጠቅሶኝ አያውቅም። ሲከፍል ጠቅሶኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ተገናኝተን እንኳ ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ነበሩ።

«ድንቹን ሲጠቅስ ነው የሚጠቅሰኝ» አልኩ በቀስታ።

ሀጅራ ከበርበሬዋ ቆንጥራ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ዓይኔ ወዲያው ተጨፈነ። «አየሽ?» አለችኝ፤ አልሳቀችም። «የኔ በርበሬ ይሁን የሱ ልብ የሚለየው በስልስ ነው። ስልስ የበሰለ ነው፣ አይፋጅም። አዋዜ የለም በይውና እዪው። በስልስ ከጠቀሰሽ ያንቺ ነው። ካልጠቀሰሽ ቅቤሽን ይዘሽ ግቢ።»

ዓርብ ዕለት አደረግኩት። ዓርብ ቀትር ላይ እስላሞቹ ለጁምዓ ስለሚሄዱ ቤቱ ጭር ይላል። ውብሸት መጣና ቦታው ተቀመጠ። ጥያቄውን ሳልጠይቀው «አዋዜ አልቋል» አልኩት። አዋዜው ጓዳ ጣባው ላይ ሞልቶ ተቀምጧል። «ምንም የለም?» አለ። «ምንም» አልኩት። «እሺ፣ በስልስ ይሁን» አለ፤ ድምፁ ያዘነ መሰለኝ። አክስቴ አፍሳ ይዛለት ወጣች።

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆምኩ። አንዱን ድንች ቆረሰ። ጎረሰ። ዓይኖቹ እንደማንም ሰው ዓይን ተከፍተው ነበር። ሌላውን ጎረሰ። አሁንም ምንም። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ጓዳው አየ፤ እኔም ደንግጬ ወደኋላ አልኩ። ተመልሼ ሳይ አቀርቅሮ ነበር። ግማሹን ትቶ ሂሳቡን ለአክስቴ ሰጥቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግራ ዓይኑ አንዴ እንኳ አልተከደነም።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። መዶሻዎቹን ሰማሁ፤ የሱን መምረጥ ግን አቃተኝ። ሁሉም ቆርቆሮ ነበሩ። ይህን ሁሉ ወራት ያን ሁሉ ሐይቅ የተሻገርኩት ለካ በሀጅራ በርበሬ ነው! ማን ጥፋተኛ ይባላል? ሰውዬው አላታለለኝም። በርበሬውም አላታለለኝም። ለብቻዬ አልቅሼ ለብቻዬ ፊቴን ታጠብኩ።

ማታ ላይ አክስቴን «እሑድ ሲመጡ እሺ በያቸው» አልኳት። እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላዋ ያዘችው። አቅፋ ሳመችኝ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸት ነበር። ደስታዋ እንኳ በሩቅ የሚሆን ነገር መሰለኝ።

ቅዳሜ መርካቶ ሞልቶ የሚፈስበት ቀን ነው። ሰው በሰው ላይ ነበር። እኔ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ሳህን አነሣለሁ፣ ሳህን አስቀምጣለሁ። ውብሸት መጥቶ ቦታው ተቀምጧል፤ ሲገባ አላየሁትም። «ዛሬስ አዋዜ አለ?» አለኝ። ፊቱን ሳየው ንዴት ያዘኝ። በማን ላይ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጓዳ ገብቼ ጣባውን እስከ አፉ ሞላሁና ፊቱ ዘጭ አደረግኩለት። አልሄድኩም። እዚያው እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ድንቹን ጠቀስ አደረገ። ጎረሰ። ግራ ዓይኑ ክድን አለ።

«ለምንድነው የምትጠቅሰኝ?» አልኩት።

በአንተ መናገሬን እንኳ አላወቅኩም። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ማኘክ አቆሙ። ውብሸት ጉሮሮው ውስጥ የቀረውን በግድ ዋጠ።

«እኔ? እርስዎን?»

«አዎ አንተ እኔን! እየመጣህ፣ እዚህ እየተቀመጥክ፣ በዚህ ዓይንህ! ነገ ለሰው ልሰጥ ነው። ይህን ሁሉ ወር በምን እንደምቃጠል ታውቃለህ?» ድምፄ ተሰበረ፤ ግን አላቆምኩም። «ትናንት በስልስ ሰጠንህ፣ አልጠቀስክም። ዛሬ በአዋዜ ሰጠሁህ፣ ጠቀስክ። በርበሬ ነው፣ አይደል? በርበሬ ነው በል!»

የኔን ፊት አየ፣ ጣባውን አየ። ነገሩ ገብቶት ጆሮው ድረስ ቀላ።

«በርበሬ ነው» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አልችለውም። ዓይኔ እምቢ ይለኛል።»

እውነቱን ከአፉ ስሰማው አግዳሚውን ያዝኩ።

«ካልቻልክ ምን ያስበላሃል ታዲያ?» አልኩት። አሁን ንዴቱም አልቆ ነበር፤ የቀረኝ ድካም ነው። «ስልስ አለ አይደል? በየቀኑ አለ። ዓይንህን እያስለቀስክ ምን ያስበላሃል?»

ከግራ ዓይኑ የወረደውን እንባ በክንዱ ጠረገ፤ ጉንጩ ላይ ጥላሸት ቀረ። ሰው ሁሉ እያየው ነበርና ለመናገር እንዴት እንደተጨነቀ ዛሬም ድረስ ይታየኛል።

«ስልሱን የሚያመጡት እትዬ ሠርኬ ናቸው» አለ።

ከኋላው የነበረ አንድ ተሸካሚ «ውይ!» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ደግሞ ምንም አልሰማሁም። ጣባውን ከፊቱ አነሣሁና ጓዳ ገባሁ።

አክስቴ ከድስቱ አጠገብ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማለች። ቤቱ ጠባብ ነው፣ መጋረጃው ስስ ነው፤ ያልሰማችው ነገር አልነበረም።

«ነገ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«ይቅርታ በያቸው።»

«ለበርበሬ ብለሽ ቅቤ ልትገፊ?»

«አዎ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ልትቆጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ አፏ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ድስቱን ትታልኝ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ድንቹን ሳህን ላይ አደረግኩ። ስልሱን በጭልፋ አወጣሁና፣ እንዳይበዛ እንዳያንስ እየተጠነቀቅኩ፣ አፈሰስኩበት። ይዤለት ወጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለትና ከአግዳሚው ማዶ ተቀመጥኩ።

አንዱን ድንች ከነስልሱ ጎረሰ። ቀና ብሎም በሁለቱም ዓይኖቹ አየኝ።